ነበልባሉ፣ ሪዙና አረንጓዴ አልሆን ያለችው እሳት

ፍሪጅ የሚጠግን ሰው «ነበልባሉ» ተብሎ ከተጠራ አንድ የተበላሸ ነገር አለ፤ ወይ ስሙ ወይ ፍሪጁ። በእኛ መንገድ ላይ ሁለቱም ተበላሽተው ያውቃሉ። ሰውየው ግን፣ ራሱ እንደሚለው ከሆነ፣ አንድም ቀን ተበላሽቶ አያውቅም። ሲሳሳት ዕቃው ነው የሚሳሳተው። ሲዘገይ መንገዱ ነው የሚረዝመው። ሲሸነፍ ምን እንደሚል ግን ማንም አያውቅም ነበር፤ ሽንፈቱን ያየ ሰው አልነበረማ! እነሆ ይህ ክፍተት ተሞልቷል።

ቁመቱ አጭር፣ ድምፁ ረጅም፣ ሪዙ ደግሞ ከሁለቱም የሚበልጥ ሰው ነው። ሪዝ ስል ከአፍንጫ ሥር በእርሳስ የተሰመረች ነገር እንዳትመስላችሁ። ቤት ሲገባ ሪዙ ቀድሞ ይገባል፣ ባለቤቱ ተከትሎ ይደርሳል። ሾርባ ሲጠጣ መጀመሪያ የሚቀምሰው ሪዙ ነው፤ ለከንፈሩ የሚደርሰው ትራፊው ነው። ከጎረምሳነቱ ጀምሮ የላይኛውን ከንፈሩን ያየ ፍጡር የለም። ሚስቱ እንኳ አግብታው፣ ልጆች ወልዳለት፣ «ከንፈር እንዳለው በእምነት ነው የተቀበልኩት» ትላለች።

«ነበልባሉ» ያሰኘው ግን ሪዙ አይደለም፤ ፋኖሱ ነው። ሙያውን ያስተማረው አንድ ሽማግሌ ጠጋኝ ነበር። ሽማግሌው ዓይኑ ሲደክም መሣሪያዎቹን ለዘመድ አከፋፈለና አንዲት ትንሽ የነሐስ ፋኖስ ለተማሪው ሰጠው። ፋኖሷ እንዲህ ናት፤ ከታች ትንሽ የጋዝ ጠርሙስ፣ ከላይ ጭል የምትል ሰማያዊ እሳት፣ በእሳቷ ላይ የምትግል የመዳብ ሰሌዳ፣ ከጎኗ ደግሞ አየር የሚስብ ረጅም የጎማ ቱቦ። የቱቦውን አፍ በፍሪጁ ቧንቧ ዙሪያ ታዞራለህ። ያኔ ፍሪጅ የሚሞላበት ጋዝ ከአንድ ቀዳዳ ሾልኮ ከሆነ ቱቦው ይስበዋል፣ በጋዙ ውስጥ ያለው ክሎሪን የጋለውን መዳብ ያገኘዋል፣ እሳቷም ከመቅጽበት አረንጓዴ ትሆናለች። ቆንጆ ነገር ነው፤ አልክድም። ፍሪጅ እየተጠገነ ሰው ለማየት የሚሰበሰበው በምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? በዚህች አረንጓዴ ነው። ነበልባሉም እንደ አስማተኛ እጅጌውን ይሰበስባል፣ ሪዙን ያሻል፣ «ዝም በሉ፣ እሳት ልትናገር ነው» ይላል።

ሚስቱንም ያገኛት በዚህችው ፋኖስ ነው። እሱ ሲያወራው፣ «እሳቷ አረንጓዴ በራች፣ ቀና ስል እሷ ቆማለች፣ እኔም በራሁ» ይላል። እሷ ስታወራው ያጥራል፤ «ፍሪጄ ተበላሸ። ሰውዬው መጣ። ፍሪጁ ተሠራ። ሰውዬው አልሄደም።»

እንግዲህ ዓለም እንዲህ ተረጋግታ ብትቀጥል ምን ነበረበት! ዓለም ግን የነበልባሉን ፈቃድ አትጠይቅም። ያ ባለክሎሪኑ ጋዝ ከጸሐይ የሚከልለንን የሰማይ ጃንጥላ እየበላ ተገኘና ከሥራ ተባረረ። በቦታው ውሃ ሰማያዊ በተቀባ ሲሊንደር ሌላ ጋዝ መጣ። ሙሉ ስሙ ቴትራፍሎሮኢቴን ነው፤ ጠጋኞች ግን ምላሳቸውን ስለሚወዱት «መቶ ሠላሳ አራት» ብለው በቁጥር ይጠሩታል። ሁለት ካርቦን፣ አራት ፍሎሪን፣ ሁለት ሃይድሮጅን፤ ቤተሰቡ ይኸው ነው። ፍሎሪን ካርቦንን አንዴ ከያዘ እንዲህ በቀላሉ አይለቅም፤ ስለዚህ ጋዙ ጨዋ ነው፣ ከማንም ጋር አይጣላም፣ በተራ ሁኔታ እሳት እንኳ አይይዘውም። ቀለም የለውም። ሽታው አለ ቢሉት የለም፣ የለም ቢሉት አለ ዓይነት ነው። ክሎሪን ደግሞ የለውም። አንድም! በዚህች «አንድም» ላይ ነው የአንድ ሰው ሪዝ ተንጠልጥሎ የነበረው።

ምክንያቱም ክሎሪን ከሌለ አረንጓዴ የለም። ፋኖሷን በመቶ ሠላሳ አራት ባሕር ውስጥ ብታዋኛት አረንጓዴ አትሆንም። ይህንን ለነበልባሉ የነገረው ሰው አልነበረም ልላችሁ ነበር፤ ውሸት ይሆንብኛል። ተነግሮታል። በቃል ተነግሮታል፣ በጽሑፍ ተሰጥቶታል፣ ጽሑፉን ደግሞ የፋኖሷን መዳብ ጠርጎበታል።

ሚስቱ አይስክሬም ትሸጣለች። ሱቋ ከመንገዱ ጥቂት ደረጃ ወርደው የሚገቡባት፣ ግድግዳዋ ነጭ፣ መስኮቷ ከእግረኛው ጫማ ትይዩ የሆነች ክፍል ናት። ከጀርባ ትልቁ ፍሪዘር ተጋድሟል፤ ጋዙን የሚገፋው ኮምፕሬሰሩ ከወለሉ ዝቅ ባለች ጉድጓድ ውስጥ ተቀምጦ ያጉረመርማል። በዚያ ሰሞን ከላይኛው ትምህርት ቤት ትልቅ ትእዛዝ መጣላት፤ ቅዳሜ ለሚመረቁት ተማሪዎችና ለወላጆቻቸው ሁሉ አይስክሬም ታቀርባለች። እንዲህ ዓይነት ትእዛዝ ደርሷት አያውቅም። ፍሪዘሩ ደግሞ ይህንን የሰማ ይመስል፣ ያን ሳምንት ላብ ጀመረው።

«ጋዝ እያፈሰሰ ነው» አለች፣ በጣቷ የቀለጠ ቫኒላ እያሳየችው።

«አያፈስም።»

«ባለፈው ሞላኸው። ከዚያ በፊትም ሞላኸው። ታዲያ የት ሄደ? ጠጣኸው?»

«ጋዝ አንዳንዴ ይደክመዋል።»

«እኔ ነኝ የደከመኝ! ወንድሜን ልጥራው ነው።»

ይህቺ ቃል ነበልባሉን በሁለት እግሩ አስነሣችው። የሚስቱ ታናሽ ወንድምም ፍሪጅ ጠጋኝ ነው፤ ያውም ኮሌጅ ገብቶ የተማረ። ሁለት ዓረፍተ ነገር ተናግሮ በሦስተኛው ዲፕሎማውን ስለሚያነሣ ሰፈሩ «ዲፕሎማ» ብሎታል። ከአንገቱ የማትወርድ፣ ጋዝ ስትሸት የምትጮህ መሣሪያ አለችው። የራስ ሚስት ለራስ ፍሪዘር ሌላ ጠጋኝ ስትጠራ! ያውም አማች! ያውም ደንበኞች ብስኩት ይዘው ተሰልፈው እየሰሙ!

«ስሙ እናንተ!» አለ ነበልባሉ ወደ ሰልፉ ዞሮ። «የእኔ ፋኖስ ያላየችውን ፍሳሽ ከእኔ ሌላ ሰው ካገኘ ይህንን ሪዝ እላጫለሁ!»

 አንዲት አሮጊት አይስክሬሟን መላስ አቆመች።

ሚስቱ ግን ፈገግ አለች። መሳቢያ ከፈተች፣ አዲስ ምላጭ ከነወረቀቱ አወጣች፣ ከብስኩቶቹ አጠገብ መደርደሪያው ላይ ለሁሉም በሚታይ ቦታ አስቀመጠችው። «ምስክሮቻችን ናችሁ» አለች ለሰልፉ። «የሚቀጥለው! ቸኮሌት ነው ቫኒላ?»

በማግስቱ ጠዋት ዘመቻው ተጀመረ። ነበልባሉ በመጀመሪያ በፍሪዘሩ ውስጥ የቀረውን ጋዝ በቱቦ አድርጎ ወደዚያችው ጉድጓድ ለቀቀው። ሽማግሌው እንዲህ ነበራ የሚያደርገው። ከዚያ ቧንቧውን «አፉን ይጉመጥመጥ» ብሎ ትንሽ አዲስ ጋዝ አሳለፈበትና እሱንም እዚያው ደፋው። ከዚያ ሞላ። በሩ ተዘግቷል፣ ምክንያቱም ነፋስ እሳት ያወዛውዛል። ከዚያ ፋኖሷን ለኮሰ።

ሰማያዊ።

ቱቦውን በመገጣጠሚያው ሁሉ አዞረ። ሰማያዊ። በቫልቩ፣ በማጣሪያው፣ በጀርባው። ሰማያዊ፣ ሰማያዊ፣ ሰማያዊ። «አየሽ?» አለ በድል ድምፅ። «ንጹሕ ነው!»

ይህንን ሲል ዓይኑ እንባ አቅርሯል፣ ጉሮሮው ይከረክራል፣ አፍንጫው ይቃጠላል።

«ምነው ታለቅሳለህ?»

«ጉንፋን ነው።»

ጉንፋን! ያ ጨዋ ጋዝ፣ ያ ከማንም የማይጣላው፣ አንድ ነገር ብቻ አይወድም፤ በእሳት መጠበስ። እሳትና የጋለ ብረት ሲያገኘው አይነድም፤ ይፈርሳል። ሲፈርስ ደግሞ ፍሎሪኑ ሃይድሮጅን ይዞ ይወጣና ሃይድሮጅን ፍሎራይድ የሚባል፣ ሳንባን የሚያቃጥል፣ ከእርጥበት ጋር ክፉ አሲድ የሚሆን ጢስ ይሆናል። ፋኖሷ ፍሳሹን አላሳየችውም፤ ቀቅላ አጎረሰችው እንጂ። ለዓመታት «የዚህ ሙያ ሰው ጉንፋን ይበዛበታል» እያለ ሲናገር የኖረው ይህንኑ ነው። ጢሱ ብዙ አለመሆኑ ነው ያተረፈው፤ ብልሃቱ እንዳይመስላችሁ።

ከቀትር በኋላ ቸኮሌቱ ማላብ ጀመረ።  ሚስቱ ስልኳን አነሣች፣ ወንድሟ መጣ።

ዲፕሎማ ገና ደረጃውን ሳይጨርስ መሣሪያዋ ጮኸች። ጢጥ ጢጥ ጢጥ! ወደ ፍሪዘሩ ሄደ፤ ጢጥ ጢጥ። ወደ ጥግ ሄደ፤ ጢጥ ጢጥ። ወደ ብስኩቱ ሄደ፣ ወደ ወንበሩ ሄደ፣ ሁሉም ጮኸ። ግራ ተጋብቶ ወደ አማቹ ሲዞር በሪዙ ላይ አብዳ ጮኸች።

«ፍሪዘሩን ነው የምትፈልገው ሰውዬውን?» አለች እህቱ።

«እቴቴ፣ በክፍሉ ውስጥ ጋዝ ሞልቷል። ምን አድርጋችሁ ነው? በኮሌጅ ሳለን—»

«ጀመረ!» አለ ነበልባሉ። «ጀመረ ዲፕሎማው! ፊሽካ አንገቱ ላይ አስሮ ምሁር ሆነ! ይቺ ነገር ለነፋሱም ለግድግዳውም የምትጮህ ከሆነ፣ ለእኔ ዶሮ አይሻለኝም?»

እውነቱን ለመናገር፣ በዚህ ጉዳይ ላይ ከአፉ የወጣች ብቸኛዋ ትክክለኛ ነገር ይህች ናት። ባለመሣሪያው ተማረ እንጂ በጋዝ የተሞላ ክፍል ገብቶ አየሩን ሳያስወጣ ቀዳዳ መፈለግ ዝናብ ላይ ቆሞ የሚያንጠባጥበውን ጣሪያ እንደመፈለግ መሆኑን የት አስተማሩት?

«ጋሼ፣ ቢያንስ በሩን እንክፈት። ይሄ ጋዝ ከአየር ሦስት እጥፍ በላይ ይከብዳል፣ ወለል ላይ ነው የሚተኛው። ከዚህ ጉድጓድ በራሱ አይወጣም።»

«መርዝ ነው ልትለኝ ነው?»

«መርዝስ አይደለም። አክስታችን ለአስሟ አፏ ውስጥ የምትረጨውን ታውቀዋለህ አይደል? መድኃኒቱን የሚገፋላት ይኸው ጋዝ ነው።»

ዲፕሎማ ይህንን ባይናገር ኖሮ! የነበልባሉ ፊት እንደ ሠርገኛ በራ። «ሰማሽ? ሰማሽ አንቺ! መድኃኒት ነው አለሽ ወንድምሽ!»

«ጋሼ፣ ያቺ እኮ አንዲት ፉት ናት! ጉድጓዱ ውስጥ ግን አየሩን ገፍቶ—»

ማን ሰምቶት! ነበልባሉ በሆዱ ተጋደመ፣ ፋኖሱን ትቶ ጭንቅላቱን ወደ ኮምፕሬሰሩ ጉድጓድ ሰደደ፣ «እነሆ! እየተነፈስኩ ነው! መድኃኒት እየወሰድኩ ነው!» እያለ ትንፋሹን ይስብ ጀመር። አንዴ ሳበ። ሁለቴ ሳበ። ድምፁ እየጎተተ መጣ። ከዚያ መሳቅ ጀመረ። ቀና ሲል ዓይኖቹ ሚስቱን ፈልገው በብዙ ድካም አገኟት።

«አንቺ...» አለ በለሰለሰ ድምፅ። «ዓይንሽ ሁልጊዜ አራት ነበር እንዴ?»

«ምን?»

«አራቱም ቆንጆ ናቸው።»

ልጆች ከወለደችለት ወዲህ እንዲህ ተናግሯት አያውቅም። በዚህ ነው መሞቱን የጠረጠረችው። «አውጣው!» ብላ ጮኸች፤ አንዱ በቀኝ እግሩ፣ አንዷ በግራ እግሩ ይዘው ደረጃውን ጎትተው መንገድ ላይ አወጡት። ክቡር ሪዙ ደረጃ በደረጃ ወለል እየጠረገ ወጣ። አላፊ አግዳሚው ቆመ። ነበልባሉ ከእግረኛው መንገድ ላይ ተኝቶ ሰማዩን «ሰማያዊ!» ብሎ ሰደበው።

«ልቤ ትመታለች» አለ ትንሽ ቆይቶ።

«ትምታ እንጂ!» አለች ሚስቱ፤ እጇ ግን ደረቱ ላይ ነበር።

«ዝም ብለህ ተቀመጥ ጋሼ። እንዳትሮጥ፣ እንዳትናደድ። ይሄ ጋዝ ሲበዛ ልብን ያስደነብራል።»

«አንተ አጠገቤ ቆመህ እንዴት ነው የማልናደደው?»

ተረፈ ማለት ነው። ያቺ ጉድጓድ ትንሽ ብትሰፋ፣ ወይም እሱ ብቻውን ቢሆን፣ ይህን ጽሑፍ የምጽፈው በሌላ ቃና ነበር። ጋዙ አልመረዘውም፤ የአየሩን ወንበር ነው የነጠቀው። ለሚተነፍስ ሰው ደግሞ ልዩነቱ ብዙ አይታወቀውም።

በሩም መስኮቱም ተከፈተ፣ ማራገቢያ ወደ ጉድጓዱ ተደገነ። ዲፕሎማ መሣሪያዋን ሲያበራት ግን ባትሪዋ አልቆ ነበር፤ ለብስኩቱ ስትጮህ ጨርሳዋለች። ሁለቱ ጠቢባን እርስ በርስ ተያዩ። አንደኛው ባትሪ ሊገዛ እየተነሣ፣ ሌላኛው ፋኖሱን እየጠረገ፣ ሚስትየዋ ደግሞ በሁለቱም ተስፋ ቆርጣ ባልዲ አመጣች። በፍሪዘሩ ጀርባ የቀለጠ ቸኮሌት ፈስሷል፤ ነገ ደግሞ የትምህርት ቤቱ ትእዛዝ አለባት። ሳሙናውን በውሃ በጠበጠች፣ ስፖንጁን ነከረች፣ ቧንቧውን ከላይ እስከ ታች እየተሳደበች መጥረግ ጀመረች።

በአንድ መገጣጠሚያ ላይ አንዲት አረፋ አበጠች።

እጇ ቆመ። አረፋዋ አደገች፣ ቀስተ ደመና ለበሰች፣ ጧ አለች። በቦታዋ ሌላ ተወለደች። ከእሷም በኋላ ሌላ። በቧንቧው በሌላው በኩል ሁሉ ሳሙናው ጸጥ ብሎ ተኝቷል፤ እዚያች ላይ ብቻ ትንፋሽ ያላት ነገር ያለች ይመስል ትነፋለች፣ ትነፋለች።

ሦስቱም ጎንበስ ብለው አዩ።  በመጨረሻ ሚስትየዋ ወገቧን ቀና አድርጋ አንድ ቃል ብቻ ተናገረች።

«ሪዝ።»

«ቆይ!» አለ ነበልባሉ። «ሳሙና እኮ ራሱ አረፋ ነው! ሥራው ነው!»

«እዚያ ብቻ?»

«ቦታውን ወዶት ነው።»

«ጋሼ፣ ፍሳሽ ነው» አለ ዲፕሎማ። በድምፁ ውስጥ ትንሽ ኀዘን ነበር፤ አረፋው በዲፕሎማ የተገኘ አልነበረማ።

ወገኖቼ፣ አሮጌ ሥርዓት ሲወድቅ አይታችሁ ታውቃላችሁ? በክብር አይወድቅም። በመጨረሻ ሰዓቱ እጅግ የከፋውን ስሕተት ይሠራል። ነበልባሉም እንዲሁ አደረገ። «ጫና ጨምሬበት አረፋው ካልጨመረ ፍሳሽ አይደለም!» ብሎ ሲሊንደሩን አነሣ፣ ገለበጠው፣ ቱቦውን በባዶ እጁ በጥድፊያ ገጠመና ፊቱን ከመገጣጠሚያው ፊት ለፊት ደቅኖ ቫልቩን ከፈተ።

ሲሊንደር ሲገለበጥ የሚወጣው ጋዝ አይደለም፤ ፈሳሹ ነው። ያ ፈሳሽ ደግሞ ውሃ በረዶ ከሚሆንበት በታች በብዙ ዲግሪ የሚፈላ፣ ሲወጣ የነካውን ሁሉ ሙቀት ነጥቆ የሚጠፋ ነገር ነው።

«ጋሼ ጓንት! መነጽር!» አለ ዲፕሎማ።

በደንብ ያልታሰረው የቱቦ ጫፍ ፊጭ አለ።

ነጭ ጉም ተነሣ። ጉሙ ሲገፈፍ ነበልባሉ በቦታው ቆሟል፣ ዓይኖቹ ደህና ናቸው፣ አፍንጫውም አለ። ሪዙ ግን በአንዲት ትንፋሽ አርጅቷል! ነጭ፣ ደረቅ፣ ቀጥ ያለ፤ እንደ ጫማ ብሩሽ። አፉን ለመክፈት ሞከረ፤ ሪዙ ተንኮሻኮሸ።

«እም» አለ።

እጁን ሊያሽ አነሣ። ሚስቱ ያዘችው። «እንዳታሸው!» ዲፕሎማ ሲሊንደሩ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት እየጮኸ ያነብባል፤ «አትሹ፣ ትኩስ ውሃ አታፍስሱ፣ ለብ ያለ ውሃ...» እሷ ግን ማሰሮውን አንሥታለች። ትኩሱን ከቀዝቃዛው ደባለቀች፣ ለሕፃን እንደሚደረገው በክርኗ ለካችው፣ አገጩን ወደ ላይ አድርጋ በቀስታ፣ በቀስታ አፈሰሰችለት። ያን ጊዜ አልሰደበችውም። እሱም ልጅ ሆኖ ቆመላት።

ክሊኒክ ሄዱ። ሲስተሯ በመብራት አየችው። «ተርፈሃል። አብዛኛውን ብርድ ፀጉሩ ነው የተቀበለልህ። ከሥሩ ግን ውሃ ቋጥሯል። ቅባት ለማድረግ መላጨት አለበት።»

የነበልባሉ ዓይኖች ፈጠጡ። «ሪዙ... ሳይነካ... አይቻልም?»

«አይቻልም።»

ዙሪያውን አየ። ዲፕሎማ ወደ ግድግዳው ዞሮ ትከሻው ይንቀጠቀጣል፤ በሐዘኔታ እንዳይመስላችሁ።

«ሲስተር» አለች ሚስትየዋ በትሕትና፣ ቦርሳዋን እየከፈተች። «ምላጭ ይዣለሁ።» ከነወረቀቱ፤ ከብስኩቱ ፍርፋሪ ጋር።

ሲስተሯ በራሷ መሣሪያ ላጨችው እንጂ የብስኩቷን ምላጭ አልተቀበለችም፤ በዚህም የታሪክን ፍርድ በጥቂቱ አጉድላለች። ሪዙ ሲወርድ ነበልባሉ ጣቱን ቀስሮ፣ «ይህ በሕክምና ምክንያት የተደረገ ነው!» አለ። «ከውርርዱ ጋር አንዳች ግንኙነት የለውም! ሁላችሁም ስሙኝ!»

 ሚስቱ ከሪዙ ሥር የወጣውን እያየች ነበር። ቀላ ያለ፣ ትንሽ ያበጠ፣ ጸሐይ አይቶ የማያውቅ ከንፈር። ጠጋ አለች፣ ራሷን ዘንበል አደረገች።

«ይሄንን ነው እስከ ዛሬ የደበቅኸኝ?»

«ምን ሆነ?»

«ምንም። ቆንጆ ነው እኮ።»

ነበልባሉ አፈረ። ለመጀመሪያ ጊዜ።

ፍሪዘሩን በዚያው ቀን አብረው ሠሩት፤ ዲፕሎማ በእጁ፣ ነበልባሉ በፋሻው ውስጥ ሆኖ በማጉረምረም። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ዲፕሎማ የቀረውን ጋዝ ወደ መሬት አልደፋውም፤ በመምጠጫ ማሽን ስቦ ባዶ ሲሊንደር ውስጥ አስገባው። «የሰማዩን ጃንጥላ አይበላም ብለን ዝም ብለን የምንለቀው አይደለም» አለ። «ሰማዩን ያሞቀዋል፤ ኪሎ ለኪሎ ከመኪና ጢስ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከሺህ እጥፍ በላይ።» ነበልባሉ «ፍሪጅ ሠርተን ምድርን ስናሞቅ ኖርን በለኛ!» ብሎ ሳቀ፤ ከንፈሩ አመመውና ተወ። ቧንቧው ባዶ መሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ ብቻ እሳት ወጣ፣ መገጣጠሚያው ተበየደ። ከዚያ ለሙከራ ናይትሮጅን ተሞልቶበት ሁሉም ወደ አንዲት ሴት ዞሩ።

ስፖንጇን ነክራ ጠረገች። አንድም አረፋ የለም። ውስጡ አየር ሳይቀር ተመጠጠ፣ ጋዙ ተሞላ፣ ኮምፕሬሰሩ እንደ ጠገበ ድመት አጉረመረመ። ሌሊቱን ሁሉም ነገር በረዶ ሆኖ አደረ።

ቅዳሜ የትምህርት ቤቱ ግቢ በልጆች ጩኸት ተሞላ። ሚስትየዋ በትልቅ ማንኪያ እየጠለቀች ትሰጣለች፤ ሰልፉ አያልቅም። ነበልባሉ አጠገቧ ቆሞ ብስኩት ያቀብላል። የሚያውቀው ሁሉ እያለፈ ይደነግጣል። «ምነው ጋሼ፣ ወንድምህ ነህ እንዴ?» ያለውም አለ።

«ሕክምና ነው» ይላል። «የሐኪም ትእዛዝ።»

ሰልፉ ሲሳሳ ሚስቱ አንድ ማንኪያ ቫኒላ በብስኩት ሞልታ ሰጠችው። ቀመሰ። ከንፈሩ ላይ ሲደርስ ዓይኑ ፈጠጠ። ይህ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ብርድ ሲጠግን፣ ብርድ ሲሞላ፣ ስለ ብርድ ሲምል ሲገዘት የኖረ ነው።

«ኧረ!» አለ በግርምት። «ቀዝቃዛ ነው!»

ሚስቱ ማንኪያዋን ጥላ ሳቀች፤ እስክታነባ ሳቀች። የሰልፉም ሰው፣ ምን እንደሆነ ሳያውቅ፣ ተከትሎ ሳቀ።

ከዚያ ወዲህ? ፋኖሷ ከሱቁ ግድግዳ ላይ ተሰቅላለች፤ እሳት አትነካትም። በመሣሪያ ሣጥኑ ውስጥ የሳሙና ውሃ የያዘች ጠርሙስ ገብታለች፤ በቤት በቤቱ እየዞረም «ይቺን ዘዴ ከብዙ ጥናት በኋላ ያገኘኋት እኔ ነኝ» ብሎ ያስተምርባታል። ጓንቱና መነጽሩ ሌላ ሰው ሲያይ ብቻ አይደለም የሚደረጉት፤ ይህንን በዓይኔ አይቻለሁ። ከንፈሩ ከዳነ ቆይቷል። ሲስተሯም እስኪድን ብቻ ነበር ያለችው። እሱ ግን በየማለዳው መስተዋት ፊት ቆሞ ይላጫል። ለምን ሲሉት፣ «የሐኪም ትእዛዝ ነው አልኳችሁ እኮ!» ይላል፣ ባዶውን ከንፈሩን በጣቱ እያሻሸ።

ምላጩ ዛሬም ከብስኩቶቹ አጠገብ ነው። ሲያልቅ እሷ ትገዛለች።